የእናቴን ስም የተጠየቅሁ ዕለት

ቄሱ የጠየቁኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ቀኑ ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። እናቴ ዓርብ ንጋት ላይ ዐርፋለች። ተገንዛ ሳጥን ውስጥ ተኝታለች፤ ካህናቱም ፍትሐት ሊጀምሩ መጽሐፋቸውን ገልጠዋል። ዕጣኑ ይጨሳል። ከውጭ የእድሩ ወንበር በድንጋዩ ላይ ሲጎተት ይሰማል። ቄሱ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። መታወቂያዋ ኪሴ ውስጥ ነበር። የዓለም ስሟን እስከ አያቷ፣ የመብራት ቆጣሪዋን ቁጥር፣ የባንክ ደብተሯን ቀሪ ሂሳብ፣ የመጨረሻዎቹን ወራት መድኃኒቶች ከነሰዓታቸው አውቃለሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁጥርና ወረቀት አይጠፋኝም። ቄሱ የፈለጉት ግን ሌላ ነው፤ በተወለደች በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የወጣላትን ስም። ታናሽ ወንድሜን አየሁት፤ እሱ ምንጣፉን ያያል። እህቴ ከዱባይ በስልክ እያየችን ታለቅስ ነበር። ስልኩን አስጠግቼ ጠየቅኋት፤ ለቅሶዋ ተቋረጠ፤ መልስ ግን አልመጣም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ በዚህች ጉዳይ ግን ሦስታችንም አንድ መልክ ነበርን።

የንስሐ አባቷ ያን ሰሞን ወደ ትውልድ ሀገራቸው ወርደው ነበር፤ ቢደወል ስልካቸው አይሠራም። ቄሱ አልተቆጡም፤ «እስኪ ዘመድ ጠይቁ» ብለው ጣታቸውን በገጹ ላይ እንዳደረጉ ጠበቁ። ዘመድ ተጠየቀ። «ወለተ ማርያም መሰለችኝ» አለች አንዷ አክስቴ። «የለም፣ እሱ የእኔ ነው» አለች ሌላዋ። አጎቴ «ወለተ የሚል አለበት» ብሎ እንደ ትልቅ ነገር ተናገረ። ክርስትና ከተነሡ ሴቶች የብዙዎቹ ስም ውስጥ ወለተ አለበት። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንፈርስ ነበር።

በመጨረሻ ከበሩ ጥግ፣ ጫማ ከተደረደረበት አጠገብ አንዲት አሮጊት ተነሡ። ጉልበታቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ በሰዉ መሐል አልፈው ወደ ቄሱ ሄዱ። በጆሯቸው አንድ ነገር ነገሯቸው። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጸሎቱም ጀመረ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እኔ ግን ሩቁ ዘመድ መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከእናቴ ሳጥን አንድ ክንድ ርቄ ቆሜ።

ምጣድ

እማዬ እንጀራ ጋጋሪ ነበረች። ቃሉን እንዳለ የምጽፈው ለረጅም ጊዜ ስሸፋፍነው ስለኖርሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እናትህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ «ነጋዴ ናት» እል ነበር። ውሸት አይደለም፤ እንጀራ ትነግዳለች። ግን ለምን እንደዚያ እንደምል እኔም አውቀው ነበር፤ እሷም ታውቅ ነበር መሰለኝ።

መጀመሪያ የምትጋግረው በሰው ቤት ነው፤ በሳምንት ስድስት ቤት። አንዱ ቤት ሄዳ ጤፉን ታቦካለች፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ አብሲት ጥላ ኩፍ ሲልላት ትጋግራለች። እንዲህ ስለሆነ ምንጊዜም በጭንቅላቷ ውስጥ ስድስት ቡሃቃ በየራሱ ቀን ይቦካ ነበር። የትኛው ቤት ብርድ ስላለው አንድ ቀን እንደሚጨመርለት፣ የትኛዋ እመቤት አፍለኛ እንደምትወድ፣ የትኛው ቤት ኮምጠጥ ካላለ እንደማይበላ ወረቀት ላይ አልጻፈችም። ዛሬ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን መሳይ ሥራ የሚሠራ ሰው ትልቅ ማዕረግና ጸሐፊ ይሰጠዋል።

እሳቱ የእንጦጦ ቅጠል ነበር። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተራራውን ከሸፈነ ወዲህ የአዲስ አበባ ምጣድ የሚግለው በእሱ ነበር፤ የሚያወርዱት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ከወገባቸው ጎብጠው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ ሸክም አዝለው፣ በገደሉ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ከሩቅ የሚታየው ጫካው ራሱ ሲሄድ ነው። ከእነሱ አንዷ ለእናቴ ደንበኛ ሆኑ። ስማቸውን አላነሣም፤ እኛ ልጆቹ እማማ ቅጠል ነበር የምንላቸው። ሸክማቸውን በራችን ላይ ሲጥሉት መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ቅጠሉ ላይ ተቀምጠው ቡና እስኪፈላ ያወራሉ። ምን ያወሩ እንደነበር አንድ ቀን ጆሮ ሰጥቼ አላውቅም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛችው እቁብ ሲወጣላት ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለተኛ ጨመረች። ያኔ የሰው ቤት ቀረና ለሱቅና ለምግብ ቤት ማስረከብ ጀመረች። ያለችን አንዲት ክፍል ማታ መኝታ፣ ሌሊት መጋገሪያ ሆነች። ሌሊት መብራት እምብዛም ስለማይቆራረጥ በ7 ሰዓት ትነሣለች፤ 120 እንጀራ ጋግራ በ11 ሰዓት ለኪዳን ጸሎት ቀጨኔ መድኃኔዓለም ትደርሳለች። ከኪዳን ስትመለስ እኛን ለትምህርት ቤት ትቀሰቅሰናለች። መቼ እንደምትተኛ ጠይቄያት አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ዐይኔ ላይ አለ። ሊጡን ከዳር ወደ መሐል ታዞረዋለች። ዐይኑ ብቅ ብቅ ሲል አክንባሎውን ትከድናለች፤ ከዚያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አባታችን ሆይን ጀምራ፣ እመቤታችን ማርያም ሆይን ቀጥላ፣ አሜን ስትል አክንባሎው ይነሣል። እንፋሎቱ ፊቷን ይሸፍነዋል፤ የእንጀራው ጠርዝ ከምጣዱ ለቅቆ ይገኛል፤ ሰፌዱን ታስገባለች። ሰዓት አታይም። ጎረቤት ብድር አልመልስ ብሏት በተናደደች ሌሊት ጸሎቱ ይፈጥን ነበር፤ ያን ቀን ታዲያ እንጀራው ሊጥ ሊጥ ይላል። ከተረጋጋች ግን ዐይኑ እንደ ወንፊት ነው። የእማዬን የነፍስ ሁኔታ ለማወቅ እንጀራዋን መቁረስ ይበቃ ነበር ማለት ነው። እኔ በልቼ እሄዳለሁ።

አንድ ሰሞን ጤፍ ውስጥ ጄሶ ይቀላቅላሉ፣ ሰጋቱራ ይጨምራሉ የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። የሚያደርጉትም ተይዘው በዜና ታይተዋል። በዚያ ሰሞን አንድ ባለ ሱቅ ያስረከበችውን እንጀራ በፊቷ ቀደደና ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ምንም አልተናገረችውም። እንጀራዋን በሙሉ መልሳ በሰፌዱ ይዛ ወጣች፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለሚለምኑት አከፋፍላ ባዶ እጇን ገባች። በዚያ ሱቅ በር ዳግመኛ አላለፈችም። ሲኒማ ቤት ፊት ለፊት ያለውን ረጅሙን መንገድ ትዞር ነበር።

«ስንት ዓመት ነው የምትለምኚው?»

ወደ ፍትሐቱ ልመለስ፤ ምክንያቱም የሚከነክነኝ ያለው እዚያ ነው።

እማማ ቅጠል ለቄሱ በጆሯቸው ከነገሯቸው በኋላ ጸሎቱ በግእዝ ይወርድ ጀመር። ግእዝ አላውቅም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ራሴን ደፍቼ ቆሜ ነበር። ከመሐል ቄሱ «ነፍሰ አመትከ» አሉ፤ ቀጥለውም ስሟን ጠሩ።

ስሙን አውቀው ነበር።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ሳይሆን ከልጅነቴ ጀምሮ በየሌሊቱ ስሰማው የኖርሁት ነው። እማዬ የመጨረሻውን እንጀራ አውጥታ፣ ምጣዱ ገና ትኩስ እንዳለ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ውዳሴ ማርያሟን ታነብባለች። ውዳሴ ማርያም ለየቀኑ የተከፈለ ነው፤ የሰኞ አለው፣ የማክሰኞ አለው፤ እሷ ደግሞ ከእሱ በኋላ መልክአ ማርያም ትቀጥላለች። እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኜ፣ ክፍሉ በምጣዱ ሞቆ፣ ድምፅዋ ይመጣል። እየደጋገመች «ለአመትኪ» ትልና አንድ ስም ትጨምራለች።

ለእኔ ይህ «ዓመት» ነበር። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ አንድ ቀን «እማዬ፣ ስንት ዓመት ነው የምትለምኚው?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። ከት ብላ ሳቀችና ጉንጬን በዱቄት እጇ ያዘችው። አልነገረችኝም። በግእዝ አመት ማለት ሴት አገልጋይ ማለት እንደሆነ፣ «ለአመትኪ» ስትል «ለአገልጋይሽ» ማለቷ እንደሆነ ያወቅሁት ከቀብሯ በኋላ አንድ ዲያቆን ጠይቄ ነው። በጸሎት መጽሐፉ ላይ «እገሌ» ተብሎ በተተወው ቦታ ሁሉ የራሷን ስም እያስገባች ነበር የምታነብበው። በየሌሊቱ፣ ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቃ፣ በድምፅ ስሟን ትናገር ነበር።

ይህን ሳስብ ቁጭቱ መልኩን ይቀይርብኛል። አለማወቅ አንድ ነገር ነው። ያልተነገረውን ሰው ማን ይወቅሰዋል? እኔ ግን ተነግሮኛል፤ በሺህ የሚቆጠር ሌሊት። የአክንባሎውን ድምፅ፣ የቆጣሪውን ጢጥታ፣ የስሟን አጠራር በአንድ ላይ ጠቅልዬ «የሌሊት ድምፅ» ብዬ ተኛሁበት። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት ተረት ለዚህ ይበዛበታል፤ እኔ እንደ መዳብ እንኳ አልቆጠርሁትም።

ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ገና ከገጠር መጥታ ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። ከሥራ በኋላ ቀበሌ አዳራሽ እየሄደች ሀሁ አለች። ፊደል ያስቆጠራት ደርግ ነው፤ እሷ ያነበበችበት ግን ውዳሴ ማርያምን ነው። የዘመቻው መምህራን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። ጋዜጣ ስታነብ አላየኋትም። ሂሳቧን እንኳ የምትይዘው በከሰል ግድግዳ ላይ ጭረት እያደረገች ነበር፤ አምስት ጭረት፣ ከዚያ በላዩ አንድ ሰያፍ። ፊደሉን ለአንድ ጉዳይ ብቻ አስቀመጠችው።

ከቀብሩ በኋላ መጽሐፏን አገላበጥሁት። «እገሌ» ባለበት ቦታ ምናልባት በእርሳስ ጽፋ ይሆናል ብዬ ነበር። አልጻፈችም። በዚያ ቦታ ላይ ያለው የአውራ ጣቷ አሻራ ነው፤ የማሰሻው ዘይት ወረቀቱን ዘልቆ ቡናማ ሆኗል፤ ፊደሉ በመስኮት እንደሚታይ ያህል ከጀርባው ያሳያል።

840 እንጀራ

ደግ ልጅ ነበርሁ ብዬ ልጽፍ እችል ነበር፤ ገንዘብ በመስጠት በኩል እውነትም ነው። ሥራ ከያዝሁ በኋላ ኪራይ ከፍያለሁ፣ ሐኪም ቤት አመላልሻለሁ። ነገር ግን እሷን ሁልጊዜ እንደ አንድ ሊስተካከል የሚገባው ሂሳብ ነበር የማያት።

አንድ የበዓል ምሽት ኮምፒውተሬን ከፍቼ አስቀመጥኋት። በወር 12 ሚካኤል ነው፣ አትጋግርም። 21 ማርያም ነው፣ እንጦጦ ትወጣለች፣ አትጋግርም። 27 መድኃኔዓለም ነው። አራት እሑድ ጨምርበት። ሰባት ሌሊት በ120 ሲባዛ 840 እንጀራ። «በወር 840 እንጀራ ትጥያለሽ እማዬ» አልኋት። ዓመታዊ በዓላቱን፣ የጽዋ ማኅበሯ ተራ ሲደርስ በነጻ የምትጋግረውን ድፎ ዳቦ፣ የስለቷን ጃንጥላ አልጨመርሁም፤ እንዳዘንሁላት አድርጌ።

ቁጥሩን በጥሞና ሰማች። ከዚያ «ወሩ ስንት ቀን ነው?» አለችኝ።

«ሠላሳ።»

«ሰባቱን ብታነሣለት?»

«ሃያ ሦስት።»

«ሃያ ሦስቱን ሌሊት በምን እግሬ የቆምኩ መሰለህ?» አለችና ቡናዋን ልታይ ተነሣች።

ያኔ የሰነፍ ተማሪ መልስ መስሎኝ ነበር። አሁንም ቢሆን እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አላሸነፈችኝም እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ያን ሠንጠረዥ ደግሜ አልከፈትሁትም። ደግሞ ሰው ሁሉ እንደሚለው ቤተ ክርስቲያን ለእሷ ዕረፍት ብቻ አልነበረም። እንደ እኔ ግምት የጽዋ ማኅበሩ ሴቶች እሷን በስሟ የሚጠሩበት፣ የማኅበሩ መሪ ሙሴው «እኅታችን የዛሬዋ ባለ ተራ» ብሎ የሚያስቀምጣት፣ ማንም «ጋጋሪዋ» የማይላት ብቸኛው ቦታ ነበር። ይህን እሷ አልነገረችኝም። ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ አይቻት ነው፤ ቤት ውስጥ እንደዚያ አትስቅም ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መብራት በፈረቃ ሲሆን ምጣዶቹ ቆሙ። ተው ብላት አልሰማችም፤ የድሮውን የሸክላ ምጣድ ከጓሮ አውጥታ እንደገና በጎመን ዘር አሟሸችና ቅጠል አነደደች። ከስልሳ ዓመቷ በኋላ ወደ ጭሱ ተመለሰች። ሳሉ ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልለቀቃትም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም የደረቷን ፎቶ በመብራቱ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አየና፣ በጨዋነት፣ «እናት፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» አላት። መንገዱን ሙሉ ስትስቅ መጣች። «ይኼን ለማኅበሩ ነው የምነግራቸው» አለች። እኔ መኪናውን እየነዳሁ ስንት ቶን ቅጠል እንደሚሆን በልቤ ላሰላ ሞከርሁና ተውሁት።

ቅጠሉ ላይ

በሰልስቱ ማግስት ማታ እማማ ቅጠል ቤት ሄድሁ። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ አንዲት ክፍል ናት። ጉልበታቸው ከቆመ፣ ቅጠል መሸከም ካቆሙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸው ቤሩት ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ነው።

«እማማ፣ ስሟን እንዴት አወቁት?» አልኋቸው።

ወዲያው አልመለሱልኝም። የክርስትና ስም ድሮ እንደ ገንዘብ የሚደበቅ ነገር ነው። መተተኛ እጅ ከገባ አይበጅም ይባላል፤ የሚያውቁት የንስሐ አባት፣ ክርስትና ያነሣች እናትና እግዚአብሔር ናቸው። ስም መልአክ ያወጣዋል የሚባለው የዓለሙን ስም ነው፤ ይህኛውን ግን ጠባቂው መልአክ ነው የሚይዘው ይላሉ አሮጊቶቹ። ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

«ከእኛ ጋር ቅጠል ትለቅም የነበረች አንዲት ሴት ሞተች» አሉ በኋላ። «ዘመድ የላት። እኛው ነን የቀበርናት። ቄሱ ስሟን ሲጠይቁ ያወቀ ጠፋ። በዓለም ስሟ ደገሙላት። እኔና እናትህ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደንም። ‹እዚያ ሲጠሯት አቤት ሳትል ብትቀርስ?› አለችኝ። በማግስቱ ከኪዳነ ምሕረት ጸበል ስንመለስ ሸክሜን አወረድኩና ቅጠሉ ላይ ተቀመጥን። ስሟን ነገረችኝ፤ ስሜን ነገርኳት። የቀደመችውን የቀረችው ትነግርላታለች ተባባልን። አንተ ያኔ ገና ጥርስህ እየወለቀ ነበር።»

ጥርሴ እየወለቀ። ሰባት ዓመቴ። «ስንት ዓመት ነው የምትለምኚው» ያልኋት አካባቢ ማለት ነው።

«ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?» አልሁ። ይህን ስጠይቅ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ካደግሁ በኋላስ?»

«ብያት ነበር። ‹ልጅሽ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ንገሪው› ብያት ነበር» አሉ። «‹እሱ ያን ቀን ይደነግጣል› አለችኝ። ‹ቢያውቀው እንኳ ይጠፋዋል፤ በሰው ፊት አያፍርብኝ። አንቺው ያዢው።›»

መልስ አጣሁ። እማማ ቅጠል በመልካም ልብ ነው የነገሩኝ፤ የሚያጽናና ነገር መስሏቸዋል። እኔ ግን እየዞረ የሚመጣብኝ ይኸው ነው። እናቴ እንደማላውቅ ታውቅ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ቅጠል ላይ ተቀምጣ፣ ለእኔ አለማወቅ ተዘጋጅታ ነበር፤ ነገ ለሚጋገረው ዛሬ እንደምታቦካ ሁሉ። አዋቂ ሆኜ ጊዜ ሳጣላት ደግሞ ለአለማወቄ የሚያምር ምክንያት ሰጠችው። ድንጋጤ አለችው። እውነቱ ግን ድንጋጤ አልነበረም። የሚጠፋብኝ ነገር አልነበረኝም፤ ጠይቄያት አላውቅም።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ይህ ራሱ ትዕቢት ይመስለኛል፤ እሷ በሰላም ያስተካከለችውን ነገር እኔ ለራሴ ጸጸት ስል ማፍረሴ። ሁለቱም ሐሳብ ይመላለሱብኛል፤ አንዱን አልመረጥሁም።

አርባ

አርባዋ ታኅሣሥ 18 ዋለ፤ በጾመ ነቢያት መሐል። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። ጤፉ ያኔ ኩንታሉ ሽቅብ እየወጣ ነበር። ወንድሜ «እንጀራውን ከሱቅ እንዘዝ፣ ይቀለናል» ሲል እማማ ቅጠል እንደ ስድብ ቆጠሩት። የጎረቤት ሴቶች በእማዬ ምጣዶች ጋገሩ። ሊጡን የምታዞረው ልጅ ገና አዲስ ናት፤ መቼ እንደምታወጣ ግራ ሲገባት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከብዙ ዓመት ወዲህ የጸለይሁት ጸሎት ቢኖር ያ ነው፤ ለጸሎት ብዬ ሳይሆን ሌላ መለኪያ ስለማላውቅ። አባታችን ሆይን በሆዴ ጨርሼ፣ እመቤታችን ማርያም ሆይን ቀጥዬ፣ አሜን ላይ «አሁን ክፈችው» አልኋት። ልጅቷ ከፈተችው። የመጀመሪያው ሊጥ ሊጥ አለ፤ ቸኩያለሁ። ሦስተኛው ላይ ጠርዙ ለቀቀ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለጸሎቱ ስሟን ያስመዘገብሁት እኔ ነኝ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አልጽፈውም። መተት ስለምፈራ አይደለም። እሷ ለሁለት ሰው ብቻ የነገረችውን ነገር እኔ ለማላውቀው አንባቢ የምበትነው በምን ሥልጣን ነው?

እንግዶቹ በልተው ካህናቱ ከተሸኙ በኋላ እማማ ቅጠል እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ባዶ መሶቦችና የተደራረቡ የእድር ሳህኖች መሐል ቆምን። ቁመታቸው ደረቴ ድረስ ነው፤ ወገባቸው የቅጠሉን ሸክም ዛሬም አልጣለውም።

«እናትህ ቀደመችኝ» አሉ። «ልጄም ሩቅ ናት፤ ብትመጣም ያኔ አትደርስም። ስሜን አንተ ያዝልኝ።»

ስልኬን አወጣሁ፤ ልጽፈው። እጄን ከነስልኩ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዝቅ አደረጉት።

«አይጻፍም።»

ጎንበስ አልሁላቸው። በጆሮዬ ነገሩኝ።

«በል ድገመው።»

ደገምሁት። የመጀመሪያውን ፊደል አላልቼ ኖሮ አረሙኝ። እንደገና አልሁት። በሦስተኛው ዝም ብለው ሰሙኝና «በቃ» አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።